በወተት የተቆረጠ ቀለብ

ከልጄ እናት ጋር የልጃችንን ቀለብ የተደራደርነው በአንድ ገርበብ ያለ በር ወዲህና ወዲያ ተቀምጠን ነው። እርሷ ከውስጠኛው ክፍል ነበረች፤ እኔ ከሽማግሌው ጋር ከውጭኛው። በካርቱም በምንኖር የወሎ ሰዎች ዘንድ የተፋቱ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠው አይነጋገሩም፤ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ሰው በመካከል ይቀመጣል። ክፍሎቹ ጠባቦች፣ በሩም ከስስ ጣውላ የተሠራ በመሆኑ እርስ በርሳችን ትንፋሻችንን ሳይቀር እንሰማማ ነበር። ቢሆንም ሽማግሌው የተባለውን ሁሉ ማንም እንዳልሰማ አድርገው እንደ አዲስ ይናገሩት ነበር። ሲናገሩትም ሻካራውን ያለሰልሱታል፣ መራራውን ያጣፍጡታል። ሥራቸው ይኸው ነበር።

ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ሰው በካርቱም መንገድ ላይ ስለ ዳቦና ስለ ነዳጅ ብቻ በሚያማርርበት ዘመን። ልጃችን ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። የምትኖረው ከእኔም ከእናቷም ጋር አልነበረም። እናቷ ሪያድ በተባለው ሰፈር በአንድ ባለጸጋ ቤት እያደረች ትሠራለች፤ እመቤቲቱ ደግሞ ሠራተኛ ልጇን ይዛ እንድትገባ አትፈቅድም። እኔ በአል-ሳሃፋ ከሌሎች ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አድራለሁ፤ የምሠራውም በዚያው ሰፈር ደብተርና መጽሐፍ በሚሸጥ፣ ወረቀት በሚያባዛ ሱቅ፣ ሱዳኖች መክተባ በሚሉት ቤት ነበር። ስለዚህ ልጃችን በጀሪፍ፣ የሰው ቤት የሚያድሩ ሴቶችን ልጆች ሰብስባ በምታሳድግ አንዲት የአገራችን ሴት እጅ ነበረች። ልጆቹ «ኻልቲ» ይሏታል፤ አክስቴ ማለት ነው። እኛ ወላጆቹም ከልጆቹ ተምረን ኻልቲ እንላት ነበር። ያ ገርበብ ያለ በርም የእርሷ ቤት በር ነው።

ትዳራችን በጠብ አልፈረሰም። የምንገናኘው በጁምዓ ቀን፣ እመቤቲቱ ከቀትር በኋላ ስትለቃት፣ ያውም በሰው ግቢ ነበር። ከጊዜ ብዛት የምንነጋገረው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ኪራይና አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ ብቻ ሆነ። አንድ ጁምዓ ሁለታችንም የምንለው ጠፍቶን ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። በሚቀጥለው አልመጣችም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አስቀድሞ የሆነ ነገር ማረጋገጫ ብቻ ነበር።

ሽማግሌያችን በአል-ሳሃፋ የልብስ ስፌት ሱቅ ያላቸው፣ ካርቱም ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። በዚያ ቀን ትራስ ተደግፈው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅት፣ አባትየው መጥቷል። ያሰብሽውን ተናገሪ።»

«ይቁረጥ» አለች ከውስጥ። «ቀለቧን ይቁረጥላትና እንወቀው። መጽሐፍ መግዣ ሲሆን ኪሱ አይደርቅም።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደ ዐቅምህ ቁረጥ ትላለች። ንባብህንም ታከብርልሃለች።»

«ሰምቻታለሁ እኮ፣ ሐጂ።»

«ብትሰማም የምነግርህ እኔ ነኝ።»

ከጓዳ የኻልቲ ሳቅ ተሰማ።

እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድሁት። ነገርን በሥርዓት ማሰብ፣ በሥርዓትም ማቅረብ እወዳለሁ። የሱዳን ገንዘብ በዚያ ወራት ከእጅ ላይ እንደ በረዶ የሚሟሟ ነበር፤ ዛሬ በገንዘብ የተቆረጠ ቀለብ ከጥቂት ወራት በኋላ ሳሙና እንኳ እንደማይገዛ ዐውቅ ነበር። ይህን አብራርቼ፣ ለልጅ የሚበጀው ቀለቡ በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት ቢቆረጥ ነው አልሁ። እናቷ የኻልቲን ደመወዝ ትክፈል፤ እኔ ደግሞ የዱቄት ወተቷን፣ ስኳሯን፣ ምስሯን፣ ዘይቷንና ሳሙናዋን በየጁምዓው በእጄ አመጣለሁ። ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ ልጅቱን አይነካትም።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሻ አላህ! ይህ የተማረ ሰው ሐሳብ ነው። ልጅት፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ። ወተቱ ቢወደድስ? እንዲህ ብለው ይጠይቁልኝ።»

«ወተቱ ቢወደድስ ትላለች።»

«ቢወደድም ወተት ወተት ነው በሏት። የሚለዋወጠው ዋጋው እንጂ ቆርቆሮው አይደለም።»

ከውስጥ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ይህ ዝምታ ያን ጊዜ ድል መስሎኝ ነበር።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ኋላ ግን እንዲህ አላልኩም እንዳይል።»

«ተስማምታለች» አሉ ሐጂ እጃቸውን ለዱዓ እየዘረጉ። «በደስታ።»

«በደስታ አላልኩም!»

«አሚን በሉ» አሉ ሐጂ፣ አልሰማሁም ብለው። ሁላችንም አሚን አልን።

ያ ውል ያላሰብሁትን ነገር ይዞልኝ መጣ። ዕቃውን ተሸክሜ ስለምሄድ በየጁምዓው ልጄን አያት ጀመር። ስለ ጉብኝት በውላችን ውስጥ አንድም ቃል አልተነገረም ነበር፤ የምገባበት ምክንያት ወተቱ ነበር። ከሶላት በኋላ ከአል-ሳሃፋ ተነሥቼ፣ መንገዱን ከፊሉን በአውቶቡስ ከፊሉን በረክሻ፣ ባገራችን ባጃጅ በሚባለው፣ ተጉዤ፣ ጀሪፍ ስደርስ የግቢው ልጆች በሩ ላይ ይጠብቁኛል። ስም አውጥተውልኝ ነበር። «አቡ ለበን መጣ! አቡ ለበን!» ብለው ይጮኻሉ፤ የወተት አባት ማለት ነው። ልጄ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች፤ እኔ የእርሷ መሆኔን ለሌሎቹ የምታስታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ወተቱን ከቆርቆሮው ወደ ኻልቲ ዕቃ የምንገለብጠው አብረን ነው። ማንኪያውን እርሷ ትይዛለች። አፏን ከፍታ፣ ምላሷን ወደ አንድ በኩል አውጥታ፣ ዱቄቱን አንዲት ቅንጣት እንኳ ሳታፈስስ ለማሻገር ስትጣጣር የምታሳየውን ጥንቃቄ በመክተባው ውስጥ ከወረቀት ጋር ስኖር ከማንም ሠራተኛ አላየሁም። ሲፈስስባት ዙሪያዋን ታይና በጣቷ አንሥታ ትልሳለች። ከዚያ ከግቢው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የሳምንቱን ወሬ በዐረብኛ ታጫውተኛለች፤ ማን ማንን እንደ ነከሰ፣ ዶሮዋ የት እንደ ገባች። እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ትሰማኛለች፣ ግን በዐረብኛ ትቀጥላለች። እናቷ የምትመጣው እኔ ከሄድሁ በኋላ ነው። አንዳንድ ጊዜ መንገድ ላይ ረክሻዎቻችን ይተላለፋሉ፤ ነጠላዋን አውቀው ነበር።

ከዚያ ወተቱ ተወደደ።

በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ሳምንት ባለሱቁ «ጭማሪ አለው» አለኝ፤ በሌላው ሳምንት ይቅርታ እየጠየቀ፣ በሦስተኛው ይቅርታውን ትቶ። የመክተባው ባለቤት ደመወዝ እንዲጨምርልኝ ብጠይቀው መልካም ሰው ነውና «ኢንሻ አላህ» አለኝ፤ ወረቀትና ቀለምም ዋጋቸው እንደ ወተት ሲጨምር እኔው ራሴ ለደንበኞች የምናገር ስለ ነበርሁ ልከራከረው አልቻልሁም። መጀመሪያ ትልቁን ቆርቆሮ ትቼ ትንሹን ያዝሁ። ቀጥሎ ከቆርቆሮ ወጥቼ፣ ባለሱቁ በላስቲክ እየመዘነ የሚሸጠውን ገዛሁ። ረክሻውን ትቼ በእግሬ ሄድሁ። የነበሩኝን መጻሕፍት ለዚያው ለመክተባው አንድ በአንድ ሸጥኋቸው፤ ከመደርደሪያው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ይውሉ ነበር። በገንዘብ ቆርጬ ቢሆን ኖሮ የተቆረጠው ገንዘብ ቁጥሩ ባለበት ይቆይ፣ ዋጋው ከደመወዜ ጋር አብሮ ያንስ ነበር። ልጄን ከዋጋ ለማዳን የሠራሁት ውል ዋጋውን ሁሉ በእኔ ትከሻ ላይ አስቀመጠው። ይህን ማየት ነበረብኝ። እርሷ ከበሩ ወዲያ ሆና አይታው ነበር።

አንድ ጁምዓ ያለ ወተት ሄድሁ። ስኳርና ምስር ብቻ።

ኻልቲ ፌስታሉን ከፍታ አየችና ወደ ኋላዬ ተመለከተች፣ ሌላ ዕቃ ደጅ የተውሁ ይመስል። «ወተቱስ?»

«ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው።»

«ኢንሻ አላህን በኩባያ ቀድቼ ልስጣት?»

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ወዲያው ተጸጽታ ከራሷ ልጆች ድርሻ ትንሽ በጥብጣ ሰጠቻት። ልጄ ግን ማንኪያዋን ይዛ መጥታ ነበር። የምንገለብጠው እንደሌለ ስትረዳ ማንኪያውን ባዶ ዕቃው ውስጥ አስገብታ እንደ ወትሮው ታሻግር ጀመር፤ ባዶውን፣ በዚያው ጥንቃቄ።

በሳምንቱ ሐጂ ደወሉልኝ። «ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኻልቲ ቤት ና። እናትየዋም ትመጣለች። የምትለው አላት።»

ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሰነበትሁ። ቀለቡ ይቅር የሚል አልነበረም። በየሳምንቱ የነበረው በየሁለት ሳምንቱ ይሁን፤ ዘይቱ ይቀነስ፣ ወተቱ ግን ይቆይ፤ በምሽት ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጠኝ። በዓባይ ዳር ስሄድ ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርሁት፤ በሚገባ የተሰናዳ ንግግር ነበር። ቂሟን፣ ስድቧን፣ «አላልኩም ነበር ወይ» የሚለውን ሁሉ ጠብቄ ለእያንዳንዱ መልስ አበጅቼ ነበር።

ሐጂ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ድምፅዋ መጣ።

«ሐጂ፣ አውፍ ብዬዋለሁ በሉት። ያለፈውንም የሚመጣውንም። ቀለቡን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።»

የሐጂ ፊት በራ። በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ሳይለውጡ ያደረሱት ይህን ብቻ ነው። «አውፍ ብላሃለች! ያለፈውንም የሚመጣውንም! አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልክ ልጄ። ስንቱ ሰው እዚህ ተቀምጦ አልቅሷል፤ እንዲህ ያለች ሴት አላየሁም።»

«ልጅቱስ በምን ትኖራለች በሏት» አልሁ።

«እናቴ ጋ ትሄዳለች። ከሰፈራችን የሆነች ሴት ሥራዋን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው፤ እርሷ ይዛልኝ ትሄዳለች።»

ሐጂ ሊደግሙልኝ ሲሉ በእጄ ከለከልኋቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ከራሴ ወጥቶ ሄደ። ያን ጊዜ የተረዳሁት፣ እስካሁንም ከዚያ የተሻለ የማስረዳበት ቃል ያላገኘሁለት ነገር ቢኖር፣ በየጁምዓው ያንን ግቢ የማንኳኳበት መብት ዕዳዬ ብቻ እንደ ነበረ ነው። ዕዳው ሲሰረዝ አብሮ ተሰረዘ።

«ይቅርታውን አልቀበልም» አልሁ።

ሐጂ አፈጠጡብኝ። «ምን ማለትህ ነው? ዕዳውን ሲምሩት እምቢ የሚል ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ አለሁ። ወተቱን አመጣለሁ። የማታ ሥራ እይዛለሁ። እንዲያውም ልጨምር፤ የኻልቲን ደመወዝ ግማሹን ልክፈል። ይህን ይንገሯት።»

«ልጄ፣ ከየት አምጥተህ? ገላህን አይተኸዋል? ሸሚዝህን እኮ እኔ ነኝ ያጠበብሁልህ።»

«ይንገሯት ብያለሁ!»

በሐጂ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ሐጂ ተቆጥተው ይሁን አዝነው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ግን ምንም አልደገሙም። የተናገረችው እርሷ ናት፤ ከተፋታን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ለእኔ።

«ስማኝ» አለች። ድምፅዋ ከበሩ ሥር፣ ከመሬት አጠገብ ነበር የሚመጣው፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኖሯል። «አልተቀየምኩህም። ወተት እንዳመጣህ ኻልቲ ነግራኛለች፣ በእግርህ እንደምትመጣም ነግራኛለች። አንተ ተሸክመህ ትመጣለህ፤ እኔ ሠርቼ ለኻልቲ እከፍላለሁ። እኔ የሰው ልጆች አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ፣ የራሴን የማያት መምሸቱን እየፈራሁ ነው። ማንኛችን ነን የምናሳድጋት? ለማን ነው የምንሠራው?»

«እዚህ ብትሆን ቢያንስ እናያታለን» አልሁ፣ ለበሩ።

«እኛ እናያታለን። እርሷስ? እናቴ ጋ ላም አለች። ወተት አይገዛም።»

ላሚቱን አውቃታለሁ፤ በኒካሐችን ጊዜ በስልክ ስለ እርሷ ሲወራ ሰምቼ ነበር፤ ጥጃ እንደ ነበረች።

ሐጂ በቀስታ ተናገሩ። «አባት ሳይፈቅድ ልጅ ከአገር አይወጣም። ደግ ነገር ነው ብዬ አላስገድድህም። ትፈቅዳለህ?»

ልጄ ደጅ ከዛፉ ሥር ከሌሎቹ ጋር ትጯጯኻለች፤ አንዱን «ያላ፣ ያላ» እያለች ታባርራለች። ውስጥ የምንለውን አልሰማችም።

«ፈቅጃለሁ» አልሁ።

ከበሩ ወዲያ ያለቀሰችው እርሷ ናት። እኔ አላለቀስሁም፤ ሐጂ ፊት ነበርሁ።

የመንገዱ ቀን በሳምንቱ መካከል ዋለ። በሪያዱ ቤት የሠርግ እንግዶች ስለ ነበሩ እመቤቲቱ ፈቃድ ከለከለቻት፤ ስለዚህ ልጅቱን ወደ አውቶቡሱ የማድረስ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። እናቷ የተሰናበተቻት ባለፈው ጁምዓ ነው፤ ኻልቲ እንደ ነገረችኝ ጸጉሯን ሠርታላት፣ እንደ ገና ፈትታ፣ እንደ ገና ሠርታላት ሄደች። ከንጋት ሶላት በኋላ ልጄን ከነብርድ ልብሷ ከኻልቲ ተቀበልኋትና በረክሻ ወደ መናኸሪያው ወሰድኋት። እንደ ተኛች ነበር። ጭንቅላቷ በትከሻዬ ላይ ነበር፤ አፏ ተከፍቶ ሸሚዜን ያረጥበው ነበር።

ይዛት የምትሄደው ሴት በገዳሪፍና በመተማ በኩል ወደ አገር በሚሄዱ መንገደኞች መካከል ሻንጣዎቿን ስታስጭን አገኘኋት። ጠንካራ፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ፊቴን አይታ «አይዞህ፣ አልሸጣትም» አለችኝ። የልጄን ቦርሳ ተቀበለችና «በል ንገረኝ፤ ምን ትወዳለች፣ ምን ትጠላለች? መንገድ ላይ እንዳንጣላ» አለች።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «ወተት ትወዳለች፣ ስኳሩን በዛ አድርጋችሁ። ራሷ ካልበጠበጠችው ግን አትጠጣም። ዝንብ ትፈራለች። ስትታጠብ ሳሙናውን ትደብቃለች፣ ቀኝ እጇን ፈልጊ። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን በዐረብኛ ነው። ‹ሞያ› ካለችሽ ውኃ ፈልጋ ነው። አያቷ ጋ ስትደርሱም ይህን ንገሪልኝ፤ ውኃ ጠምቷት እንዳይረዷት።»

«እነግራቸዋለሁ። ሌሊትስ?»

«ሌሊት ምን?»

«ሌሊት ትነቃለች? ትባንናለች? ልብሷንስ ታረጥባለች? መንገድ ላይ እኮ እናድራለን።»

ልመልስላት አፌን ከፈትሁ። የማውቃትን ሁሉ ነግሬያት ነበር፤ የማውቀው ሁሉ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለውን ነበር። ከሕፃንነቷ ወዲህ ተኝታ እንኳ ያየኋት በዚያ ጠዋት ብቻ ነው።

«እናቷን ልጠይቃት» አልሁና ደወልሁ። ወዲያው አነሣችው፤ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«ተሣፈረች?»

«ገና ነው። ሌሊት ትነቃለች ወይ ትላለች ሴትየዋ። ትባንናለች? ልብሷን ታረጥባለች?»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ትንፋሿን እንደዚያ ጊዜው፣ በበሩ በኩል እንደ ነበረው፣ እሰማው ነበር። «አለሽ?» አልኋት።

«አላውቅም» አለች። «ኻልቲን ጠይቃት። ኻልቲ ናት የምታውቀው።»

ወደ ኻልቲ ደወልሁ፤ አላነሣችውም። ልጆቹን ቁርስ የምታበላበት ሰዓት ነው። እንደ ገና ደወልሁ። ሾፌሩ መሪውን ይዞ «ያላ! ያላ ያ ጀማዓ!» እያለ ይጮኻል፤ ሰዎች በጎንና በጎኔ እየገፉ ይገባሉ። ሴትየዋ ከደረጃው ላይ ሆና ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ተወው ወንድሜ» አለችኝ። «ዛሬ ማታ እኔው አውቀዋለሁ።»

ልጄን ከትከሻዬ ላይ ተቀበለችኝ። አልነቃችም።